የነካሳው ወጌሻና የቀኝ ትከሻዬ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን አፌን ሞልቼ ለመናገር ስንት ዘመን ፈጀብኝ መሰላችሁ! በወጣትነቴ ብትጠይቁኝ ደረቴን ነፍቼ «ሰዒድ ማንንም አይፈራም» እላችሁ ነበር። ዛሬ ጢሜ ነጭ ሆኗል፣ ልጆቼም አድገው የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል፤ ታዲያ ምን ያሳፍረኛል? ባለፈው ማክሰኞ ጅዳ ውስጥ፣ ሸረፊያ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ በላይ ባለች አንዲት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ተቀምጬ በፍርሃት መውጫውን በር ሳይ ነበር። የታመምኩት ግን እኔ አይደለሁም፤ ከሰማያዊው መጋረጃ ጀርባ ያለችው ባለቤቴ ዘይነባ ናት። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ምንጣፍ ሲያጥብ፣ የሰው መጋረጃ ሲሰቅል የኖረው የቀኝ ትከሻዋ ዘንድሮ በቃኝ ብሎ ደረቀ። ክንዷ ከደረቷ በላይ አልወጣ አለ። ሻሿን ጠዋት ጠዋት የማስርላት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ አጣምሜ ነው የማስረው፣ እሷም ሁልጊዜ ትስቅብኛለች። ከፈጅር ሶላት በኋላ ደግሞ ትከሻዋን በሰሊጥ ዘይት አሽቼ ግድግዳ አስወጣታለሁ፤ ግድግዳ ማስወጣት ምን ማለት እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። የዚያን ቀን ግን ሻሿን ሳስር አልሳቀችም። ዶክተሯ የትከሻዋን የራጅ ፎቶ አይታ በቀዶ ጥገና ወይስ ያለ ቀዶ ጥገና የሚለውን ልትነግረን ነበር የሄድነው። ዘይነባ ደግሞ ስኳር አለባት። ቁስሉ እምቢ ቢልስ? ከማደንዘዣው ሳትነቃ ብትቀርስ? ይህን ሳስብ አድሬ ቁርስ እንኳ አልወረደልኝም።

ሽታው የመጣው እዚያ ተቀምጬ ነው። ዶክተሯ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ቅባት ከፈተች መሰለኝ፤ ቅርንፉድ አለበት፣ ካፉርም አለበት። ካፉር ለእኛ ሬሳ ሲታጠብ በመጨረሻው ውሃ ላይ የሚጨመር ነገር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ ነው። «ያ ረቢ፣ ምን ሊያሰማኝ ነው?» አልኩ። ወዲያው ግን አሳቤ ከክሊኒኩ ወጥቶ መካ ገባ፤ ነካሳ፣ ዳገቱ ላይ፣ ደረጃውን ወጥተህ ወጥተህ ትንፋሽህ ሲያልቅ የምትደርስበት አንድ ክፍል ቤት። የአባባ ይመር ቤት። ወጌሻው አባባ ይመር። አሁን ስሙን ስጽፍ እንኳ ዞር ብዬ በሩን አየሁ፤ የድሮ ልማድ ነው።

ያኔ እኔና ዘይነባ ከወሎ ከመጣን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። እኔ ሹፌር፣ እሷ የቤት ሠራተኛ ሆነን፣ ባልና ሚስት አንድ ቤት ተቀጠርን፤ ጓሮ ባለችው ትንሽ ክፍልም አብረን እንድንኖር ተፈቀደልን። ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። ሌላው ሚስቱን ሌላ ከተማ አስቀምጦ ከሕዝብ ስልክ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ ነው ድምጿን የሚሰማው። ደግሞ የዚያን ጊዜዋ ሸረፊያ! ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ፈቃድ ነበረን። ዘይነባ መዳም፣ የቤቱ እመቤት፣ የሰጠቻትን ጥቁር ዐባያ ትለብሳለች፤ ከሥሩ ከደሴ ያመጣችው አበባ አበባ ያለው ቀሚስ ጫፉ ብቅ ይላል። እኔ ነጭ ቶቤን፣ የዓረቡን ረጅም ቀሚስ፣ ለብሼ፣ የጫማዬ ተረከዝ እየጮኸ፣ ጎን ለጎን እንሄዳለን። ጥጉ ላይ ያለው ካሴት ሻጭ የኛ አገር ሰው ነበር፤ አንድ ካሴት በአምስት ሪያል፣ በአንዱ ገጽ መንዙማ፣ በሌላው ገጽ የፍቅር ዘፈን አድርጎ ይቀዳልሃል። «ወደየትኛው ገጽ እንደምታዞረው አንተና አላህ ታውቃላችሁ» ይላል እየሳቀ። ከዚያ በአንድ ሪያል ትኩስ የተሚስ ዳቦ፣ በሁለት ሪያል ፉል ገዝተን ከመኪናው ጀርባ ቆመን እንበላለን። አሁን በዚያ ጥግ የሚሸጠው የስልክ ሽፋን ነው። ዘይነባ ግን እዚያ ስትደርስ ዛሬም እግሯን ቀስ ታደርጋለች።

ከፊላችን፣ ማለትም ኢቃማችንን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ በስሙ የያዘው የቤቱ ጌታ፣ አቡ ነዋፍ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ዝምተኛ ነበር እንጂ፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ ለፈሪ አይመችም፣ ምን እንደሚያስብ አታውቅማ! ከእኔ በፊት የነበረው ሹፌር ወገቡን አሞት ሳምንት ቢተኛ «ኸላስ»፣ በቃ፣ ተብሎ ኹሩጅ፣ ያ የማይመለሱበት መውጫ፣ ፓስፖርቱ ላይ እንደተመታበት አትክልተኛው ነገረኝ። እኔ ብሄድ ደግሞ ዘይነባ አብራኝ አትሄድም። ውሏ ለብቻው ነው፤ መዳም መጀመሪያ ቀን «አንዳችሁ ብትሄዱ ሌላው ውሉን ይጨርሳል» ብላ በግልጽ ነግራናለች። እኔ ወሎ፣ እሷ ጅዳ፣ ሰው ግቢ ውስጥ ብቻዋን! ይህ ነበር ሌሊቱን የሚያባንነኝ። ከዚያ በኋላ ገበታ ላይ አንዱ ጠግቦ «ኸላስ» ሲል እንኳ እጄን ከገበታው እሰበስብ ነበር።

ረመዳን ሊገባ ሰሞን ነው፤ መዳም የትልቁን ሳሎን ምንጣፍ ሰገነት ላይ አሳጥባ ደርቋል ብላ «ያላ፣ አውርዱት» አለች። የት ደርቆ! ጠቅልለን ስናነሳው ውሃው ገና ውስጡ ነው። አትክልተኛው ከታች፣ እኔ ከላይ ሆነን ደረጃውን ስንወርድ እሱ ተንሸራተተና ክብደቱ ሁሉ ወደ እኔ ክንድ መጣ። የቀኝ ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። አልጮኽኩም። መዳም ከታች ቆማ እያየች ነዋ! ምንጣፉን አደረስኩ፣ ዘረጋሁ፣ «ሹክረን» ተባልኩ፣ ወደ ጓሮ ሄጄ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አስመለሰኝ። በማግሥቱ ክንዴ እንጀራ ወደ አፍ ያደርሳል እንጂ ከዚያ በላይ አልወጣ አለ። የመኪናው ማርሽ በቀኝ በኩል ነው፤ ሦስተኛ ባስገባሁ ቁጥር ዓይኔ ውሃ ይሞላል። አቡ ነዋፍ ኋላ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፤ እኔ በመስታወቱ ፊቱን አያለሁ፣ አየኝ ይሆን እያልኩ።

ሳምንት ቆይቼ በድብቅ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ማንም እንዳያውቀኝ ብዬ ካራንቲና አካባቢ፣ የቀን ሠራተኞች የሚሄዱባት አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሙ ክንዴን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ አደረገው፤ ፎቶውን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ አየ፤ ከዚያ እየጻፈ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ማ የሕታጅ ዐመሊያ» አለ። እንግዲህ ዐመሊያ ቀዶ ጥገና መሆኑን አውቃለሁ። የሕታጅም «ያስፈልገዋል» ማለት መሆኑን አውቃለሁ። «ማ» ደግሞ፣ እሱማ የኛው ነው! እኛ ዘንድ በር ሲንኳኳ «ማ ነው?» አይደል የሚባለው? እኔ የማውቀው አረብኛ የለም ሲል «ማፊ» ነው የሚለው፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ ማፊ ሹግል፣ ሥራ የለም። ባዶዋን «ማ» ከየት አውቄያት! ስለዚህ ሰውየው «ማ ነው ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው?» ብሎ የጠየቀኝ መሰለኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። በጣቴ ደረቴን ነክቼ «አና?» አልኩት፤ እኔ? እሱም ቀና ብሎ አየኝና «አይዋ፣ ኢንተ» አለኝ። አዎ፣ አንተ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። ወረቀት ሰጠኝ፤ ቁርኣን ቀርቼ ያደግሁት ሰውዬ በሐኪም ጽሕፈት አንድ ፊደል አልለየሁም። ወጥቼ ቀደድኩት። ቀዶ ጥገና ማለት ሆስፒታል መተኛት ነው፤ መተኛት ማለት ደግሞ ከፊል ማወቁ ነው። ቢላዋውን ራሱንም ፈርቻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ? ትከሻዬ ላይ ቢላዋ ሲያርፍ እያሰብኩ መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ለዘይነባ ስነግራት አላለቀሰችም፤ እሷ እንደኔ አይደለችም። «ማንም አያይህም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቶቤን የምታለብሰኝ እሷ ሆነች፤ መጀመሪያ ታማሚውን ክንድ፣ ቀጥሎ ጤነኛውን። አንድ ቀን የጎረቤቱ ቤት ሠራተኛ በአጥሩ ላይ አሾልካ ወሬ አቀበለቻት፦ መካ፣ ነካሳ ውስጥ አንድ የኛ አገር ወጌሻ አለ፣ እጁ ሸጋ ነው፣ ቢላዋ የለው መርፌ የለው። አጋጣሚው ደግሞ ተመቸ። የአቡ ነዋፍ እናት፣ ሁላችንም «ሲቲ» የምንላቸው አሮጊት፣ ዓርብ ዓርብ መካ ሄደው ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ፣ መስገድ ይወዳሉ። እኔ አደርሳቸዋለሁ፤ እሳቸው ከዐስር እስከ መግሪብ ከዘመዶቻቸው ሴቶች ጋር ይቀመጣሉ፤ እኔ ያቺን ሰዓት ይዤ ወደ ነካሳ እሮጣለሁ።

ነካሳ ያኔ ዳገት ላይ የተደረደረ ቤት ነው። ደረጃው አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ቡርማዎች ጣፋጭ ይጠብሳሉ፣ ሐውሳዎች ሽቶ ይሸጣሉ፣ አንዷ የኛ አገር ሴት በር ላይ ተቀምጣ በርበሬ በኩባያ ትሰፍራለች። እያንዳንዱን መታጠፊያ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። የአባባ ይመር በር አረንጓዴ ቆርቆሮ ነበር። ሳንኳኳ ከውስጥ «ማ ነው?» አለኝ። እኔም «እኔ ነኝ» አልኩ፤ ሰው ሲጨንቀው ሌላ ምን ይላል? «እኔማ እዚህም አለሁ፤ አንተ ማ ነህ?» አለና የብረት መቀርቀሪያውን አነሳ።

አጭር ሰው ነው፤ ቆቡ የዞረ፣ አውራ ጣቱ ሰፊ። አስቀመጠኝና ትከሻዬን ሳይነካ ብዙ አየው። ከዚያ በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ መጣ፣ ከአንገቴ ሥር ጀምሮ እስከ ክንዴ ራስ። «ወልቋል?» አልኩት። «ቢወልቅ ኖሮ መኪና ነድተህ አትመጣም። ጅማቱ ነው የተጎዳው። ሥጋው ደግሞ ፈርቶ ይዞታል። ትከሻህ ፈሪ ነው እንዴ?» አለኝ። «ባለቤቱ ነው ፈሪው» ስለው ሳቀ። «አብሽር፤ እንግዲያው ሁለታችሁንም እናባብላለን።»

ዘይቱን እሱ ራሱ ነው የሚያፈላው፤ ሰሊጥ፣ ውስጡ ቅርንፉድና ቁንጥር ካፉር። ሞቅ አድርጎ ይቀባኝና ጅማቱን በአውራ ጣቱ አግድም፣ ቀስ ብሎ፣ እዚያው አንድ ቦታ ላይ ያሻል። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቆይቶ ይደነዝዛል። «ትንፋሽህን አትያዝ፤ ከያዝክ እሱም ይይዛል» ይለኛል። ቀጥሎ ጎንበስ ብዬ በግራ እጄ ወንበር ይዤ የቀኝ ክንዴን እለቀዋለሁ፤ ትንሽ የዘምዘም ጀሪካን ያስይዘኝና ወዲያ ወዲህ፣ ከዚያ ክብ፣ በራሱ ክብደት ይወዛወዛል። በመጨረሻ ግድግዳ መውጣት ነው፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርና በጣቶቼ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እወጣለሁ፣ ሕመሙ ሲመጣ ቆሜ ሦስቴ እተነፍሳለሁ፣ እሱ ጣቴ በደረሰበት በእርሳስ ያሰምራል። ግድግዳው በሙሉ መስመርና ስም ነበር፤ የተሸካሚው፣ የቀለም ቀቢው፣ የሹፌሩ፣ የሰው ቤት የሚሠሩት እህቶች። ሴቶቹን በእጁ አይነካም፤ ግድግዳ ብቻ ያስወጣቸዋል፣ እሽታውን በራሱ ትከሻ ላይ እያሳየ እርስ በርስ እንዲተሻሹ ያስተምራቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ በቀንድ ዋግምት ይይዘኛል፤ ትከሻዬ ላይ ክብ ክብ ጥቁር ምልክት ይቀራል።

በዚያ ሁሉ መሃል ግን ፍርሃቱ አለ። አባባ ይመር ኢቃማ አልነበረውም። እንዴት እንደመጣ ጠይቄው አላውቅም፤ ነካሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር ነው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር አውራ ጣቱ ትከሻዬ ላይ ባለበት ይቆማል። እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። «ማ ነው?» ይላል። የሚታወቅ ድምፅ ሲመልስ ጣቱ እንደገና መሄድ ይጀምራል። እኔ ኢቃማ አለኝ፤ ግን ከሱ ጋር ብያዝ ለከፊሌ ምን ልለው ነው?

መስመሬ እየወጣ፣ እየወጣ፣ እስከ ዓይኔ ትክክል ደረሰ። ያን ጊዜ ነው አቡ ነዋፍ አንድ ቀን ከመኪና ሲወርድ «ሐሙስ ጾም ከፈታን በኋላ ሁላችንም ዑምራ እንሄዳለን። አንተም ኢሕራም ልበስ፤ የሲቲን ጋሪ አንተ ነህ የምትገፋው» ያለኝ። ለሌላ ሰው ይህ የምሥራች ነው። እኔ ግን ደሜ ደረቀ። ኢሕራም፣ ያንን ሁለት ነጭ ጨርቅ፣ የለበሰ ወንድ ጠዋፍ ሲያደርግ፣ ካዕባን ሲዞር፣ የቀኝ ትከሻውን ገልጦ ነው። የቀኙን! ያን ያህል ጊዜ በቶብ የሸፈንኩትን፣ ያበጠውን፣ ዋግምት ያዥጎረጎረውን ትከሻ፣ ካዕባ ፊት፣ ከፊሌ ፊት! ዘይነባን «ሞቼልሻለሁ» አልኳት። ኢሕራም ላይ ሽታ ያለው ነገር አይፈቀድምና ያ ቅርንፉድ እንዲለቅ ሽታ በሌለው ሳሙና ሦስቴ አጠበችኝ። ጨርቁን አልብሳኝ ወደ ኋላ ሄዳ አየችኝና ከንፈሯን ነከሰች። «ቀጥ ብለህ ቁም» አለች። «ቆሜያለሁ» አልኳት። «አይደለም፤ አንደኛው ወርዷል።»

ጠዋፍ ጀመርን። በጥቁሩ ድንጋይ ትክክል ስንደርስ ሰው ሁሉ ቀኝ እጁን አንስቶ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ሲል የኔ እጅ እስከ ጉንጬ ደርሶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቶሎ አወረድኩት። ጋሪው ይበልጥ የከፋ ሆነ። በግራ እጄ አጥብቄ ስገፋ ጋሪው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ካዕባ ደግሞ በግራችን ነው። ሲቲ ከተቀመጡበት «ያ ሰዒድ! የአላህን ቤት ጥለህ ወዴት ነው የምትወስደኝ?» ብለው ጮኹ። ሰው ዞሮ አየን። አቡ ነዋፍ መጥቶ ጋሪውን ተቀበለኝ። ያኔ ትከሻዬ ከፊቱ ነው። አየው። ሰባቱን ዙር እስክንጨርስ ጋሪውን እሱ ገፋ፤ እኔ ግን በየዙሩ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያ ረቢ፣ ከዘይነባ አትለየኝ።

ጨርሰን ዘምዘም ጠጥተን ጥግ ይዘን ስንቀመጥ ጠራኝ። «እጅህ ምን ሆኗል?» አለ። ዘይነባ ከሲቲ አጠገብ ሆና ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። መዋሸት አቃተኝ፤ ያ ቦታ ለውሸት አይመችም። ምንጣፉን ነገርኩት፣ ክሊኒኩን ነገርኩት፣ «ቀዶ ጥገና ያስፈልግሃል ተባልኩ፣ ፈራሁ» አልኩት።

«ሐኪሙ ምን አለህ? ያለውን ቃል ንገረኝ።»

ቃሉንማ እንዴት እረሳዋለሁ! ሌትና ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። «ማ የሕታጅ ዐመሊያ» አልኩት።

አቡ ነዋፍ አፍጥጦ አየኝ። «እንደገና በለው።»

«ማ የሕታጅ ዐመሊያ።»

ያ ዝምተኛ ሰው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው። «ያ ሰዒድ፣ አያስፈልገውም ነው ያለህ! ማ! ማ ማለት አይደለም ማለት ነው!» ሲቲ ሰሙ፣ ሳቁ። ዘይነባ በዐባያዋ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋም ይወርዳል። ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸሁት ማንም ያላነሳውን ቢላዋ ነበር። እኔም መሳቅ ጀመርኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሳወራው የምስቅበት ታሪክ ይሆን ነበር። አቡ ነዋፍ ሳቁን ሲጨርስ ትከሻዬ ላይ ያሉትን የዋግምት ክቦች በጣቱ አሳየኝና «ሒጃማው ግን ያማረ ነው። ማ ሻ አላህ፣ እጁን ያወቀ ሰው ነው የሠራው። ማነው? አምጣው፤ እናቴንም ይይልኝ፣ የሷም ትከሻ እምቢ ብሏታል» አለ። ክፉ ፊት አልነበረውም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ኢቃማ የሌለውን ሰው ስም ከከፊል ፊት መጥራት እንደ መጠቆም ሆኖ ታየኝ። ለሱ ፈራሁለት እንዳልል ለራሴም ፈርቻለሁ፤ የት ሄደህ ነበር፣ በማን መኪና ቢለኝስ? «አላውቀውም፤ ሐረም አጠገብ ያገኘሁት የየመን ሐጃጅ ነው፣ አገሩ ተመልሷል» አልኩ። ዘይነባ አንገቷን ደፋች።

ከፊሌ ሥራ አላስወጣኝም። ረመዳን ሲያልፍ ራሱ ወስዶ ፊዚዮቴራፒ አስገባኝ። ባለሙያው ክንዴን አንስቶ አወረደና «ግማሹን ሥራ ሠርተህልኝ ነው የመጣኸው፤ ማን ነው ያሸህ?» አለኝ። እዚያም ዋሸሁ። ክንዴ ከጆሮዬ በላይ በወጣ በሳምንቱ፣ ዓርብ ቀን፣ ሲቲን ሐረም አድርሼ፣ አንድ ሙሉ የተምር ካርቶን በቀኝ እጄ ተሸክሜ፣ ይየው ብዬ፣ ደረጃውን ወጣሁ። አረንጓዴው በር ክፍት ነበር። መቀርቀሪያው መሬት ላይ ወድቋል። ውስጡ ማንም የለም። በርበሬ ሻጯ «ማክሰኞ ዕለት ወሰዱት። አገር ቤት ልከውታል አሉ» አለችኝ። ካርቶኑን እዚያው ለሷ ትቼ ገባሁና ግድግዳውን አየሁት። የኔ የመጨረሻ መስመር ከዓይኔ ትክክል ነበር። ጣቴን አስጠግቼ ወጣሁ፣ ወጣሁ፣ ከመስመሬ በላይ ክንዴ እስኪዘረጋ ድረስ ወጣሁ። የሚያሰምርልኝ ሰው አልነበረም።

ቢነግሩት ኖሮ አቡ ነዋፍ ለእናቱ ሲል ኢቃማ ያወጣለት ነበር? ምናልባት። ወላሂ አላውቅም። ለሌሎች ሰዎች ሲያደርግ አይቻለሁ። እኔ ግን አልነገርኩትም። ወሎ በሄድን ቁጥር ጠየቅን፤ ይመር የሚባል ሰው ወሎ ውስጥ ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ? ዛሬ ነካሳም ያ ነካሳ አይደለም፤ ያ ዳገት ፈርሶ መንገድ ሆኗል። ግድግዳውም ከነስሞቹ ሄዷል።

መጋረጃው ሲከፈት ብድግ አልኩ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ የጅዳ ልጅ፤ ፎቶውን በእጇ ይዛ ፈጠን ፈጠን ብላ ተናገረች፣ እኔ ጆሮዬ ሁሉ ያቺን አንዲት ፊደል ነበር የሚጠብቀው። «ማ ተሕታጅ ዐመሊያ» አለች።

«ማ?» አልኳት።

«ማ።»

«ማ ብለሻል?»

«ማ፣ ማ፣ ማ! ምን ነካው ሰውዬሽ?» አለቻት ዘይነባን። ዘይነባ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች፤ ስንት ወር ሆናት እንዲህ ካልሳቀች። ዶክተሯ ወረቀት እየጻፈች ቀጠለች። ስኳር ያለበት ሰው ትከሻ በዚህ ጊዜ ከዚህ የበለጠ ይደርቃል፤ ይሄ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ጅማቱም ለስልሷል፤ አንድ ሰው ሲሠራበት ቆይቷል አለች። ዘይነባ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «እሱ ነው። በየቀኑ።» ዶክተሯ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ።

«ሚን ዐለመክ?» አለች። ማን አስተማረህ?

ሰውየው በሕይወት የለም ይሆናል፣ ቤቱ ፈርሷል፣ ከፊሌም ሞቷል፤ የቀረ ምን የሚያስፈራ ነገር አለ? ግን ምላሴ ላይ የመጣው መጀመሪያ ያው «አንድ የየመን ሐጃጅ» የሚለው ነው። ዘይነባ ሳቋን አቁማ እያየችኝ ነበር፤ ያኔ ሐረም ውስጥ አንገቷን እንደደፋች አስታወስኩ። አሁን አልደፋችም።

«ይመር» አልኩ።

«ሚን?»

«ይመር። አባባ ይመር ይባላል። ወሎዬ ነው፣ ነካሳ ነበር የሚኖረው። ወጌሻ ነበር።» ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩኝ። «የኔንም ትከሻ ያዳነው እሱ ነው» አልኩ፣ ይበልጥ ጮክ ብዬ።

ዶክተሯ «አላህ ይጨምርለት» ብላ ወደ ጽሕፈቷ ተመለሰች። ለሷ ይኸው ነው። እኔ የዘይነባን ሻሽ አንስቼ ከኋላዋ ቆምኩና አሰርኩላት፤ ከወትሮውም የባሰ ጠመመ።